ጄኔቫ ሳልወስደው ለቀረሁት አባቴ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ክፍልህን አሁን ልጄ ሶስና ይዛዋለች፤ አልጋህን አውጥተን የጥናት ጠረጴዛ አስገባንላት። ከተማችን አድሊስቪል እንደምታውቃት ናት፤ ባቡሩ በሰዓቱ፣ ጎረቤቱ በዝምታው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ልቤን የከበደው ነገር ስላለ ነው። ኦርሊኮን ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን በመጪው ቅዳሜ እንደገና ወደ ጄኔቫ ልትጓዝ ነው። አስተባባሪዋም እንደገና እኔ ነኝ።

ያኔ ለመጀመሪያው ጉዞ ስንዘጋጅ ወሩን ሙሉ "መቼ ነው የምንሄደው?" ስትለኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እምነታችሁ በተከለከለበት ዘመን፣ መስኮት ዘግታችሁ በሹክሹክታ ስትዘምሩ፣ ለወጣቶቹ ስለ ጄኔቫ ታስተምር የነበርከው አንተ ነህ። ስለ እምነታቸው ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሰዎች ድንበር ተሻግረው የተጠለሉባት ከተማ ናት ትላቸው ነበር። ዕድሜህን ሙሉ የተመኘሃት ከተማ ከደጃችን የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነበረች።

እኔ ግን አፈርኩብህ። የመርሳት ሕመሙ ጠንቶብህ ነበር። አንድ ቀን ባቡር ውስጥ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ስትዘምር ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየን፣ እንደማላውቅህ ሆኜ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጄኔቫ ላይም አስጎብኚው ፊት እንዲህ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ "አባዬ፣ አውቶቡሱ ሞልቷል" አልኩህ።

አልሞላም ነበር። አራት ወንበር ባዶውን ሄዷል።

"ሞልቷል ካልሽ ሞልቷል። አንቺ እይልኝና መጥተሽ ትነግሪኛለሽ" ብለህ መርቀህ ሸኘኸኝ።

መንገድ ላይ ማይክሮፎን ይዤ ያንተን ትምህርት ተናገርኩ። ሰዎቹ ተደንቀው "ከየት አወቅሽው?" ሲሉኝ "አንብቤ ነው" አልኩ። ስመለስ ደክሞኝ ነበርና "ነገ እነግርሃለሁ" አልኩህ። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ።

ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንድ እሑድ እንግዶች ቤታችን መጥተው ሳለ ስለ ጄኔቫ ታወራላቸው ጀመርክ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችሁ፣ በድንጋይ ስለተቀረጹት የእምነት አባቶች፣ ስለ ሐይቁ፣ ሁሉን በዓይንህ እንዳየህ አድርገህ። ፊትህ እንዴት በርቶ ነበር! ማንን ይጎዳ ነበር? እኔ ግን በሰው ፊት "አባዬ፣ አንተ እኮ አልሄድክም" አልኩህ።

 "አዎ፣ ሞልቶ ነበር" አልክ። የልጅ ልጅህን ስም እየረሳህ ያቺን ውሸቴን አልረሳሃትም።

ባለፈው ሳምንት ዲቲኮን የምትኖረው አልማዝ ለጉዞው ልትመዘገብ ደወለችልኝ። እናቷ እትዬ ጥሩነሽም መርሳት ጀምሯቸዋል። "እማዬን ቤት ብተዋት ይሻላል አይደል? ሰው እንዳታስቸግር" አለችኝ። "ይሻላል" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ባንተ ላይ ያደረግኩትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ "በቃ መዝግቢያት" አለችኝ።

እሑድ ደግሞ ጉባኤው ፊት ቆሜ ስለ ባዶዎቹ ወንበሮችም፣ የራሴ አስመስዬ ስለተናገርኩት ትምህርትህም ተናዘዝኩ። ብዙዎቹ አጽናኑኝ። አንድ ሽማግሌ ግን "ያን ቀን አባትሽ የት አሉ ብዬ ስጠይቅሽ አሞት ነው ብለሽኝ ነበር" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሱንስ ረስቼው ነበር።

አባዬ፣ ቅዳሜ እትዬ ጥሩነሽን ደግፌ ዳገቱን መውጣቴ ያንተን እንደማይክስ አውቃለሁ። ሰው ስለ ሟቹ ሲያወራ ለራሱ የሚመቸውን ይመርጣል። እኔ ግን ሶስና ስለ አያቷ ስትጠይቀኝ ደግነትህንም፣ መዝሙርህንም፣ እኔ የበደልኩህንም እነግራታለሁ። እስካለሁ ድረስ እንዲያ አድርጌ፣ ራሴን ሳላሳምር አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ምሕረት