ልኳ ያልተጻፈው ሰባተኛዋ ከረጢት

እህታችን በ1946 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በሆቴል ልብስ ይተኩሱ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ካውያም ሆነ ድስት፣ ትኩስ ነገር ካዩ ሳይነኩ አያልፉም ነበርና ሰፈሩ «ነካኪት» አላቸው። ስሙ ዶክትሬታቸውን ከያዙ በኋላም አልለቀቃቸውም። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ ሙያዬ ቀለም ቅብ ነው፤ ሳይንሱን የማወራው እሳቸው ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ እንደነገሩኝ ነው።

ትምህርታቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በኬሚስትሪ ተመርቀው በፖሊመር ምርምር ክፍል ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከሬዲዮ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ።

ሥራቸው ሰም ነበር። ሰም ሲቀልጥ ሙቀት ይጠጣል፣ ሲረጋ የጠጣውን ይመልሳል ይሉ ነበር። ችግሩ የቀለጠ ሰም መፍሰሱ ነው። እሳቸው ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ፣ ፕላስቲክ መሰል የፖሊመር ቅርፊቶች ሠርተው ሰሙን በውስጣቸው አስቀመጡት፤ ቢቀልጥም አይፈስም። በዚህ የተሞላች ከረጢት ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክራ ስትወጣ የሰው ገላ ያህል እንደሞቀች አራት ሰዓት ትቆያለች።

በ1979 ዓ.ም. በቤተ ሙከራ ሳሉ ምጥ መጣባቸው። ሰባተኛዋን ከረጢት በችኮላ ሞልተው ስለነበር፣ መዝገቡ ላይ ቀኗን እንጂ የቅልቅሏን ልክ አልጻፉም። ልጃቸው በሰባት ወሯ ሆስፒታል ተወለደች። ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ፤ የሕፃናት ማሞቂያው ቆመ። ባለቤታቸው ሮጠው ያችን ከረጢት አመጡ፤ በሙቅ ውኃ ነክረው ሕፃኗን በእሷ ጠቀለሏት። መብራቱ የመጣው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ከረጢቷ አልቀዘቀዘችም፤ ልጅቷም ተረፈች።

እህቴ ከዚያ በኋላ ያችን ከረጢት በመለኪያ ስንት ጊዜ እንደፈተኗት ቁጥር የለውም። ሁሌም አራት ሰዓት፤ አንዲት ደቂቃ አትጨምርም። ልኳን ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ደከሙ፤ አላገኙትም። ሲፈልጉ ያገኙት ግን ዓለምን ጠቀመ፤ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚሞቁበት ከረጢት፣ ክትባት የሚጓዝበት ሣጥን፣ የቀን ሙቀት ይዞ ማታ የሚመልስ የጣሪያ ሰሌዳ፣ ሁሉም ከዚያ ፍለጋ የወጡ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎችን ለዶክትሬት አብቅተዋል። ስለዚያች ቀን ግን አንድም ቃል አላሳተሙም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «አንዴ የሆነ ነገር ወሬ ነው፤ ሁለቴ ሲሆን ነው ውጤት የሚባለው» ብለው ዘጉኝ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የነርቭ ሕመም ጸናባቸው፤ ጣታቸው ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት አቆመ። ለነካኪት ከዚህ የከፋ ምን አለ? ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

በእጃችሁ ያለው የሕይወት ታሪካቸው ወረቀት የቀብራቸው ቀን ረቡዕ ነው ይላል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በእጄ ጨምሬ ነው የማነበው።

ልጃቸው ሰኞ ማታ ያችን ሰባተኛ ከረጢት ነክራ እጃቸው ውስጥ አኑራት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውኃ አልነካትም። እህቴ ዐረፉ፤ እጃቸው ግን አልቀዘቀዘም። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ መጥቶ ልባቸውን አዳመጠ። ሞተዋል አለ። እጃቸውን ሲነካ ግን ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ረቡዕም ያው ነበር። እኔም ነክቻለሁ፤ አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። ልጃቸው «እናቴ ትሞቃለች እኮ! የሞቀ ሰው እንዴት ይቀበራል?» ብላ አላስነካ አለች። ገናዦቹ በሩ ላይ ቆመው ዋሉ።

ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ለልጃቸው ከሆስፒታል ስልክ ተደወለላት። እሷ የሕፃናት ክፍል ዋና ነርስ ናት። የሰባት ወር ልጅ ተወልዷል፣ መብራት የለም፣ ያሉት ከረጢቶች ሁሉ ቀዝቅዘዋል አሏት። ስልኩን ዘግታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀችና ከረጢቷን በደረቷ ይዛ ወጣች። በሩ ሳይዘጋ የእህቴ እጅ በእጄ ውስጥ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ያኔ አልቅሼ ገናዦቹን ጠራሁ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ልጃቸውን በመቃብሩ አጠገብ ብታጧት አትታዘቧት። ቅድም ደውዬላት ነበር፤ ሕፃኑ ስድስተኛ ሰዓቱን ይዟል፣ ከረጢቷ አልቀዘቀዘችም፣ ልተወው አልችልም አለችኝ። እኔም «እዚያው ሁኚ፣ እኔ እቀብራቸዋለሁ» አልኳት። የእህቴን ነፍስ ፈጣሪ በደግ ቦታ ይቀበልልን፤ ያንን ሕፃንም ለእናቱ ያሳድግላት።