ሂሳብ ሲጀመር አበባ ልታቀብል ስለምትጠራው ተማሪዬ

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ጤና ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትዎን ነጥዬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፈው ትምህርት ቤታችንን ሲጎበኙ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው ክፍሌ ለመውጣት የደረጃውን መደገፊያ ከያዙ በኋላ «ኧረ ይሄ ጉልበቴ!» ብለው መመለስዎን ዘበኛችን ስለ ነገረኝ ነው። ምሕረቱን ያውርድልዎ።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ልጅ ናት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባምታታሁ ቁጥር ቀድማ ስለምታርመኝ ጓደኞቿ «ተቆጣጣሪዋ» ይሏታል። ጠዋት አራት የክፍል ጓደኞቿ ከነወንበሯ ተሸክመው ያወጧታል፣ ስንለቀቅም ያወርዷታል። ሰሞኑን ክቡርነትዎ የፈረሙባቸው ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያው፣ ልጅቱ በሂሳብ ወደ ኋላ ስለቀረች ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከከተማው ዳር ወደሚገኘው ልዩ ክፍል እንድትዛወር ያዛል። ሁለተኛው ለእኔ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ጥፋቴም «አካል ጉዳተኛ ተማሪን ማግለል» ነው ይላል። ደክሞኛልና ቁጣ እንኳ አልመጣልኝም፤ ምስጋና ግን አላጣሁም፤ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. እንግዳ በመጣ ቁጥር ተቆጣጣሪዋ አበባ ይዛ በር ላይ እንድትቀበል ስለምትመረጥ አመሰግናለሁ። እንግዳ መቼም የሚመጣው ረፋድ ላይ ነው፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ሂሳብ ነው። ምክትል ርእሰ መምህሩ በሩን ገፋ አድርገው «ነይ እስኪ ልጄ፣ እንግዳ መጥቷል» ሲሉ፣ እሷ እስክሪብቶዋን ትከድናለች፣ አራቱ ተሸካሚዎችም ይነሳሉ። ክፍልፋይ ስንጀምር አበባ ይዛ ነበር፤ እኩልታ ስንጀምር ፎቶ እየተነሳች ነበር። አራቱ ልጆችም አብረዋት ከትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ እነሱ ግን በእግራቸው ስለሚሄዱ ወደ ልዩ ክፍል ይዛወሩ ያለ የለም።

2ኛ. ክፍላችን ወደ ምድር እንዲወርድልን ደጋግሜ ላቀረብኩት ማመልከቻ ስለተሰጠኝ መልስ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ «እየታየ ነው» ተባልኩ፣ ቀጥሎ «እየተጠና ነው» ተባልኩ፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ምድር ላይ ያለው ሰፊ ክፍል «የአካታች ትምህርት ማሳያ» መሆኑን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በእውነቱ ያምራል። በሩ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ማለፊያ መወጣጫ ተሠርቶለታል፣ መደገፊያው ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ ግድግዳው ላይም አበባ የያዘችው ተማሪዬ በትልቁ ተሰቅላለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ክፍሉ ይቆለፋል። ፎቶዋ ታች ቀርቶ እሷን አራት ልጆች እያለከለኩ ወደ ላይ ይመልሷታል።

3ኛ. አግላይ ተብዬ ስለ ተገሠጽኩም አመሰግናለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባለፈው ሳምንት ምክትሉ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ፣ «ዛሬስ ጋሼ፣ ትምህርት ላይ ናት» ብዬ መለስኳቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ካልኩ በኋላ እኔም ተጨነቅሁ። አትሄድም ብዬ እኔ ከወሰንኩላት፣ ትሂድ ብለው ከሚወስኑላት በምን ተለየሁ? ስለዚህ ምክትሉ በር ላይ እንደቆሙ እሷኑ ጠየቅኳት። እስክሪብቶዋን ሳትከድን «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም እኮ፣ ቲቸር። እኔ አበባውንም አልጠላም፤ ግን እኩልታው ሳይገባኝ ሊያልፍ ነው» አለችኝ። ቀረች። አበባውን ዘበኛው አቀበለ፤ ፎቶው ግን ለጽሕፈት ቤትዎ መጽሔት አልሆነም አሉ። ማስጠንቀቂያዬም በማግስቱ ደረሰ።

4ኛ. የዝውውሩን ነገር ለእናቷ እንድነግር ኃላፊነቱ ለእኔ ስለ ተሰጠኝ፣ ይህን ግን ማመስገን አቃተኝ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን መርገጫ አቁመው ሰሙኝና «እዚያ ድረስ ማን ይወስድልኛል፣ መምህር? ሠርቼ ላድር ወይስ እሷን ላመላልስ? ቤት ዋለች በሉኛ» አሉኝ። ከአጠገባቸው ቁጭ ብላ ክር የምትጠቀልለው ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ የክፍል ኃላፊዋ ነኝ ባይዋ ደብዳቤውን አጣጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። አፈርኩ። እስከ ዛሬም ያ አስተያየቷ አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። ልጅቱ ወደ ኋላ የቀረችው እናንተው ስትጠሯት ነውና የዝውውሩ ደብዳቤ ይሻር። ያ የተቆለፈው ክፍልም ቁልፉ ይሰጠንና ሂሳብ እንማርበት። ማሳያነቱም አይቀርም፤ እንግዳ ሲመጣ የሚማሩ ልጆች ያይበታል። የእኔን ማስጠንቀቂያ ግን እባክዎ አያንሱልኝ፤ በሥራ ዘመኔ ከጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ፍጥነት የደረሰኝ ብቸኛ መልስ ስለሆነ ለማስታወሻ አስቀምጠዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሥራዎ ቅንነትን፣ ለደረጃዎቻችን ማጠርን፣ ለጉልበትዎም ፈውስን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይናቅ ድካም ጋር እሰናበታለሁ።

አግላይዋ የሂሳብ መምህርት፣
ከሁለተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ ክፍላችንን በዓይንዎ አይተው መወሰን ቢፈልጉ ጉልበትዎ አያሳስብዎ። አራቱን ልጆች አማክሬያቸዋለሁ፤ እርስዎንም በወንበር ተሸክመው ለማውጣት ፈቃደኞች ናቸው። ተቆጣጣሪዋም በልምድ ያገኘችውን አንድ ምክር እንዳደርስልዎ ለምናኛለች፦ ወደ ላይ ሲያወጡዎት ብዙም አያስፈራም፤ ሲያወርዱዎት ግን ዓይንዎን ይጨፍኑ።