በሁዳዴ ዓሣ ያቀረብኩ ዕለት

ለምወድህ ወንድሜ ለአያ ክንዱ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው የላክኸው ሰው ጉልበቱን ያመዋል ብሎኝ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ትሄድበታለህ? አባይነሽስ እንዴት ናት? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ? የጅጅጋ ነፋስና አቧራ አልከበዳቸውም? ከቀያችሁ ርቃችሁ ሁዳዴን በምን እንደምትውሉት ሳስብ ሆዴ ይባባል። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ በላቸውም ደህና ነው፤ ከጭነት ማኪናው ሥር ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ጥላሸት ከመምሰሉ በቀር ምንም አልጎደለበትም።

ይህን ደብዳቤ አንተ ባስቆጠርከኝ ፊደል በራሴ እጅ ጻፍኩት። ለሌላ ሰው ነግሬ እንዳላስጽፈው፣ የደረሰብኝን ሰው የሚያምነኝ አልመሰለኝም። እኔም ራሴ ገና ልቤ አልተመለሰም።

እንደምታውቀው የበላቸው እናት ወይዘሮ ይመኙሽ ስንጋባ አልነበሩም። ለልጃቸው እዚያው በሚኖሩበት በዛሪማ ያጩለት ባለሙያ ልጅ ነበረች። እሱ ግን እህል ሊጭን ሲመላለስ ኮላ ድባ ገበያ ላይ እኔን አየና የእናቱ ልፋት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ረግጠውት አያውቁም። ከዚህ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው ሁሉ ልጅዎ ወጥ መሥራት የማታውቅ ሴት አገባ እያለ ይነግራቸው ኖሯል። ውሸትም አይደለም። እናታችን ድስቷን ለማንም እንደማታስነካ ታውቃለህ፤ እኔም ከምድጃው ዳር ከመቀመጥ አንተን ተከትዬ ወደ ጣና መውረድ ይቀናኝ ነበር። እዚህ ጎንደር አራዳ መጥቼ ጎጆ ስወጣ ሽሮዬ ይጓጉላል፣ ምስሬ ያራል። በላቸው ሸጋ ነው እያለ ይበላና ውሃ ደጋግሞ ይጠጣል።

ታዲያ በዚህ ሁዳዴ መጡብኝ። ቤቱን አያለሁ፣ ለልጄ የሚሆን ቤት ከሆነ እመርቃለሁ፣ ካልሆነም ልጄን ይዤ እመለሳለሁ ብለው ልከው ነበር። በላቸው እየሳቀ ነገረኝ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። የእናቱን ቃል ጥሶ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እኔን ያገባ ዕለት።

እትዬ ሽታዬ የምትባል ጎረቤት አለችን። በጣልያን ጊዜ በአንድ ሹም ወጥ ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። እያለቀስኩ ሄድኩባት። ምነው ትርንጎ፣ ሰው ሞተብሽ ወይ አለችኝ። ነገሩን ስነግራት ጥቂት አሰበችና፣ ብዙ ዓይነት አበላሽተሽ ከምታቀርቢ አንድ ነገር አሳምሪ፤ ለመሆኑ አጥርተሽ የምታውቂው ምንድን ነው አለች። ዓሣ ነው አልኳት። በሁዳዴ ዓሣ ብላ ሳቀችብኝ። ወዲያው ግን ሳቋን ተወችና፣ ቤትሽ የሽምብራ ዱቄት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እናታችን በጾም ትሠራልን የነበረውን የሽምብራ ዓሣ ታስታውሳለህ። ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ጠፍጣፋ ቂጣ ነበር። ሥራው የጀማሪ ሥራ ነው። ዱቄቱን በጨውና በኑግ ዘይት ጠንከር አድርጎ ማሸት፣ ቆርጦ መጥበስ፣ ከዚያ ወጥ ውስጥ መጨመር ነው። ይህን ማን ያቅተዋል?

ሊጡን መዳፌ ላይ ይዤ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ሆንኩ። እጄ አንተ ጣና ዳር ታስይዘኝ የነበረውን ቆሮሶ ዓሣ አስታወሰ። ሆዱ የት ላይ እንደሚሰፋ፣ ወደ ጅራቱ ሲደርስ እንዴት እንደሚቀጥን፣ የጀርባው ክንፍ እንደ ማበጠሪያ እንዴት እንደሚቆም አልጠፋኝም። በማንኪያ ጫፍ ከራሱ ጀምሬ እስከ ጅራቱ ቅርፊት አወጣሁለት። ለዓይኑ ጥቁር አዝሙድ ሰካሁለት። እትዬ ሽታዬ የከሰሉን ፈርኔሎ ልታራግብ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና ስትል እጇን በአፏ ጫነች። ትኩሱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያ ቅርፊት ብድግ ብድግ አለ። አያ ክንዱ፣ ራሴ ሠርቼው ራሴ ፈራሁት። ማለዳ ከጆንያ የዘገንኩት ዱቄት ዓይኑን ተክሎ ያየኛል። ያን ጊዜ፣ ፈጣሪ እኛን ከአፈር ሲያበጅ ምን ተሰምቶት ይሆን ብዬ አሰብኩና፣ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ቶሎ አማተብኩ።

አቀራረቡን ያሳየችኝ እትዬ ሽታዬ ናት። ዓሣውን ወጥ ውስጥ አትዘፍዝፊው፣ አታማስይው፣ ይሰበርብሻል አለችኝ። ከትልቁ ሳህን ላይ ቀዩን ወጥ አፈሰስን፤ ዳር ዳሩን በተቀቀለ ጎመን ከበብነው፤ ዓሣዎቹን ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረን አስተኛናቸው። በላቸው ከሥራ ገብቶ ሲያየው ቆቡን አወለቀ።

ወይዘሮ ይመኙሽ በጭነት ማኪና መጡ። በነጠላቸው ሥር አገልግል ይዘዋል። ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። እራቴ ነው፣ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው አሉ። እናት ልጇ ቤት እራቷን ቋጥራ ስትመጣ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። በላቸው መሬት መሬት አየ። እሳቸው አገልግሉን ከጉልበታቸው አጠገብ አኑረው ተቀመጡ።

የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደኢየሱስም ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። ሳህኑን አቅርቤ ክዳኑን አነሣሁ። ሁሉም አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። እኔ ሞኟ ደስ ብሏቸው መስሎኝ ነበር። አማቴ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ሳህኑን አዩ። ከዚያ አማትበው ተነሡ። በሁዳዴ ዓሣ? ልጄን ጾም ልታስገድፍ ነው ወይ ይች ሴት ያገባችው አሉ። ሽምብራ እኮ ነው እማማ አልኩ። ምነው፣ ዓይን የለኝም ወይ፣ ቅርፊቱን እያየሁት አሉ። በላቸው አፉን ሲከፍት አንተ ዝም በል አሉት፤ አፉን መልሶ ገጠመ። ወደ መምሬ ብዞር እሳቸውም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰብስበዋል። አማቴ አገልግላቸውን አነሡ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወጥ ባበላሽ ይታዘቡኝ ነበር እንጂ አያባርሩኝም ነበር፤ አሁን እኮ የሚያባርረኝ ማማሩ ነው።

ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድፍረት ትልቁን ዓሣ ከሳህኑ አንሥቼ በሁለት እጄ ለመምሬ ሰጠኋቸው። ይስበሩት አባቴ፣ አጥንት ከተገኘበት እኔው ራሴ ከዚህ ቤት እወጣለሁ አልኳቸው። አማትበው ተቀበሉኝና ሰበሩት። ውስጡ ቢጫ ነው፤ ፍርፋሪው ጉልበታቸው ላይ ረገፈ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና እንደ ሕፃን ሳቁ። ዓይኑን ባየሁ ጊዜ እኔም ደንግጬ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አሉ። ከዚያ ግማሹን ለአማቴ ዘረጉላቸው።

አማቴ ቆመው ብዙ አዩት። ቀስ ብለው ተቀመጡና ተቀበሉ። ሲበሉት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አጥንት ይፈልጋሉ። እያንዳንዱን ቁራሽ በጣታቸው እየፈተሹ ነው የሚጎርሱት። በላቸው ሊስቅ ሲል ውሃ አነቀው።

ጎርሰው ሲጨርሱ ጨው ያንሰዋል፣ ሽንኩርቱም አልበሰለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሱ ይለመዳል አሉና ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ይህን ግን ማን አስተማረሽ አሉኝ። ወንድሜ ነው አልኳቸው። ዓሣ ሲያጠምድ እጄ ላይ እያኖረ፣ ከመሞቱ በፊት ደህና አድርገሽ እይው ይለኝ ነበር፣ አሁን ጅጅጋ ወታደር ነው አልኳቸው። ከሳህኑ ትንሿን ዓሣ አነሡና ለብቻዋ በጎመን ቅጠል ላይ አኖሯት። ይች የእሱ ናት አሉ።

በማግስቱ የአገልግሉን እራት ለነዳያን አስላኩት። እኛ ዘንድ ሰነበቱና ሽንኩርት ሳይቸኩሉ ማቁላላትን አስተማሩኝ፤ ገና ብዙ ይቀረኛል። የሚሄዱ ዕለት ወጥ ያልነካው ደረቅ ዓሣ ጥበሺልኝ አሉ። አገልግሉን ሞላሁላቸው። ማኪናው ዘንድ ስንደርስ አንዲት የዛሪማ ሴት ምን ይዘሻል አለቻቸው። ክዳኑን ከፈት አድርገው፣ ልጄ የሠራችው ነው አሉ። የልጄ ሚስት አላሉም። ሴትዮዋ ደንግጣ ስታማትብ አማቴ ወደ እኔ ዞረው ጠቀሱኝ። ማኪናው ከሄደ በኋላ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

በላቸው ጉልበትህን እንድታሳርፍ ይለምንሃል። እትዬ ሽታዬ ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ መምሬ ወልደኢየሱስም በጸሎታቸው አልረሱህም። አባይነሽን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ሕፃኑን እግሩን ሳምልኝ። ለአንተ የተቀመጠችውን ትንሿን ዓሣ ደብዳቤውን በሚያመጣው ሰው እጅ በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። መንገድ ላይ ዓይኗ ከወደቀ አባይነሽ ጥቁር አዝሙድ አታጣም። ስትበላት አጥንት አትፈልግ።

እኅትህ ትርንጎ

ጎንደር፣ አራዳ
መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.