የነቀዙ ኪኒንና የልጆቹ መኝታ

ይድረስ ባኮ ላለችው እህቴ፣ ለእትዬ ወርቅቱ

እትዬ፣ የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። እንደምን ሰነበትሽ? ኦቦ ኤጄታስ ወገቡ ተሻለው? ልጆቹ፣ ለሊሳና ቢሊሴስ ደህና ናቸው? ዛሬ ይህን የምጠይቅሽ ለወጉ አይደለም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ስልካችሁ ከተቋረጠ ሳምንት ስላለፈው ወረቀቱን ለአውቶቡስ ሹፌሩ ለገቢሳ ሰጥቻለሁ። እንደደረሰሽ ቆመሽ አንብቢው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናንተ ስለይ በቆሎው ጆንያ ውስጥ የነቀዝ ኪኒን ከተን ነበር። አንቺ ደግሞ ሌባ ፈርተሽ ጆንያውን ልጆቹ መኝታ ክፍል ደረደርሽው፤ ለበቆሎሽ ያለሽን ስስት መቼም አውቃለሁ። ሽታው እስኪጠፋ ልጆቹ ከእናንተ ጋር ይደሩ፣ ሲጠፋ ይመለሱ ያልኩሽ ግን እኔው ነኝ። ምላሴን በቆረጠው።

አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መስታወት እያልሽ የምትስቂበትን የማስተርስ ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ቀለሙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ በስሱ እናነጥፈዋለን፤ መጥፎ ጋዝ ሲነካው መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ይለወጣል። ትናንት ከኪኒኑ የተረፈችኝን አንዷን ከመስታወቱ ጋር ዕቃ ውስጥ ዘጋሁባት። ቁጥሩ ዘለለ። ከፍቼ አናፈስኩት፤ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ ምንም አይሸትም። አዲስ መስታወት ባስገባ ግን የእሱም ቁጥር ዘለለ። ወዲያው ራሴን አዞረኝ። አስተማሪዬ ዶክተር ደግፌ ጎትተው አወጡኝና አፍንጫ ይደነዝዛል፣ ይህ ጋዝ ሳይሸትም ይገድላል ብለው ተቆጡኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ግን እስከ ነገ ክሊኒክ ስለያዙኝ መምጣት አልቻልኩም።

እትዬ፣ ልጆቹን አሁኑኑ ከዚያ ክፍል አውጫቸው። በሩንና መስኮቱን በርግደሽ ከቤት ራቁ። ጆንያውን አትንኪው፣ ውኃም እንዳይነካው። ራሱን ያመመው ወይም ያስመለሰው ካለ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና የኪኒኑን ቆርቆሮ አሳዪያቸው። በቆሎው ቢሰረቅ ይሰረቅ።

ኦቦ ኤጄታን ሰላም በይልኝ፤ እንዳይቆጣሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለሊሳ ስሙን በራሱ እጅ ጽፎ ይላክልኝ። ቢሊሴ መጻፍ ስለማትችል እጇን ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሪው። ገቢሳ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ደህና ናቸው ብለሽ ብቻ አትጻፊልኝ፤ ሁለቱንም ካላየሁ አላምንሽም።

ወንድምሽ ሂርጳ
አምቦ፣ ረቡዕ ጥር 6 ቀን 2012 ዓ.ም.