ከመስኡዳ የተወሰደው አድራሻ

ጌጡ ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ?

ካርዱ ላይ የምታየው የሐይቅን ውሃ ነው፤ የምጽፍልህ ግን እዚሁ ሐይቅ ከተማ የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ስላገኘኋት መስኡዳ ነው። ከኩዌት የተመለሰች ናት። ዓረብ አገር ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆችን ቤተሰብ የሚያፈላልግበት ድረ ገጽ በከተማዋ በሐይቅ ስም ከፍታ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች ተገኝተውበታል። አምና «የከተማ ስም የያዘ የኢንተርኔት አድራሻ የመንግሥት ነው» የሚል ደብዳቤ ደረሳትና አድራሻው ተወሰደባት። አሁን ሲከፈት ባዶ ነው፤ የወሰደውም አልሠራበትም።

«ወላሂ ለሥራ ፈልገውት ቢሆን ባልከፋኝ» አለችኝ። «ልጆቹ እዚያ ሆነው የሚያውቁት ያንን አድራሻ ብቻ ነው። እስካሁን ያልተገኘችው የራህመት እናት ዛሬም ጁምዓ ጁምዓ እየመጣች ‹ጽፋ ይሆን?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ደብዳቤው የተጻፈበትን ደንብ ያረቀቅነው እኔና አንተ ነን፣ ጌጡ። አዲስ አበባ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ፣ ምሳ እንዳያልፍብን ተጣድፈን እጃችንን አወጣን። እዚህ አንዲት እናት ሱቅ በር ላይ ቆማ መልስ ትጠብቃለች።

መስኡዳ ሥራዬን ስትጠይቀኝ «አስተማሪ ነኝ» አልኳት። እውነቱን መናገር አሳፈረኝ።

ቦታው አለቀብኝ። አርሴማንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ናፍቃችሁኛል። ሰኞ ደንቡ እንዲሻር የሚጠይቅ ማመልከቻ ይዤ ቢሮ እገባለሁ። ከስሜ ሥር ላንተ ፊርማ ቦታ ትቻለሁ።

ምስክር