ጉንፋኑ የማን ነው?

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤ ስታዪ አትደንግጪ፤ ከደስታ ብዛት ነው የምጽፍልሽ! ብደውልልሽ ደግሞ በጩኸቴ ጆሮሽን አደነቁረዋለሁ።

«ሰው ታሞ ሞልቶ ሳለ የጦጣ ሐኪም!» እያልሽ ስትስቂብኝ አብሬሽ እስቅ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይከፋኝ ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ በሥራዬ እንዲኮራልኝ የምፈልገው ካንቺ በላይ ሰው የለም።

በቅርቡ ከምሠራበት ጫካ አጠገብ ባለችው ከተማ የተማሪ ቤት ልጆች በሳል ተያዙ። ጥቂት ቆይቶ ጦጣዎቹም ይስሉ ጀመር። የከተማው ሰው ታዲያ «በሽታውን ያመጡብን እነሱ ናቸው!» ብሎ ተነሳ። ከንቲባውም ሰኞ ጠዋት ተኳሽ ሊያሰማራባቸው ወሰነ። እኔ በሽታው ከነሱ እንዳልመጣ ማስረጃ ካለኝ ከዚያ በፊት እንዳመጣ ተነገረኝ።

ጦጣን መቼም «አፍሽን ክፈቺ» አትያትም! ገመድ ማርማላታ ቀብተን እንሰጣታለን፤ አኝካ ስትጥለው ምራቋን ከገመዱ ጨምቀን እንመረምራለን። «እሜቴ» የምንላት አሮጊት ጦጣ ግን ገመዱን ይዛ ዛፍ ላይ ወጣችና አልጥልም አለች። አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጥጬ ለመንኳት። «እሜቴ፣ በሞቴ ጣይው!» ስል የላቦራቶሪው ባልደረባዬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በመጨረሻ አናቴ ላይ ጣለችልኝ፤ እሰይ! ማርማላታው ከፀጉሬ ገና አልለቀቀም።

ውጤቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሰው ጉንፋን! ያውም ሐኪም ቤቱ ከልጆቹ ላይ ያገኘው ራሱ። ልጆቹ ቀድመው ታመሙ፣ ጦጣዎቹ ኋላ። የገመጥነውን ዳቦ እያጎረስን ያስያዝናቸው እኛው ነን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው!

እሁድ ከሰዓት ከንቲባው ቤት ሮጥኩ።

«እና ጦጣዋ ከኛ ተጋባባት ነው የምትዪኝ?»

«አዎ ጌታዬ። እኛው አሳመምናቸው፣ እኛው ደግሞ ልንገድላቸው ነው።»

ከንቲባው ስልኩን አንስቶ ተኳሾቹን «ነገሩ ቀርቷል፣ እንዳትመጡ» አላቸው። እትዬ፣ እዚያው ፊቱ እንደ ሕፃን አለቀስኩ!

ትናንት በዓይኑ ሊያያቸው ጫካ ድረስ መጣ። እሜቴ ሳሉ ለቋታል፤ ከቅርንጫፏ ወርዳ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ከንቲባው ፈገግ እንዳለ በድንገት ዓይኑ ፈጠጠ። በሁለት እጁ አፍንጫውን አፍኖ፣ ክራባቱ ትከሻው ላይ እየተውለበለበ፣ ወደ መኪናው በረረ። በሩን ከዘጋ በኋላ ነው ያስነጠሰው። ሁላችንም ከውጭ «ይማርዎት!» አልነው።

መጥተሽ እይልኝ፣ በናትሽ። ጉንፋን ይዞሽ ከመጣሽ ግን፣ እህቴ ብትሆኚም ከበር ነው የምመልስሽ።

የምትወድሽ ታናሽሽ