ይግባኙ ሰዓቱን አያቆመውም

ውድ ወንድሜ ታድየስ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ኮራስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ የአላስካ ብርድ ዘንድሮም ጉልበትህን እያሠቃየህ ነው ወይስ ተወት አደረገህ? እኛ ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት፤ አፏም እንዳለ ነው። ደኅና ያልሆነው አየሩ ብቻ ነው። ዛሬም የአሳማ እርባታው ሰዎች ቆሻሻውን እርሻው ላይ ሲረጩ ስለዋሉ መስኮቱን ዘጋግቼ ነው የምጽፍልህ። ትናንት ያጠብኩትን አንሶላ ደግሜ ላጥበው ነው።

በስልክ ስለ ክሱ ስትጠይቀኝ እየተናደድኩ ወሬውን የማስቀይርብህ ምክንያት አለኝ። የአሳማ ኩባንያውን መንደሩ በሙሉ ባንድ ላይ ከሶ እንደነበር ታውቃለህ። ባለፈው መከር ዳኛው፣ የየቤቱ ጉዳት ለየቅል ስለሆነ ባንድ ክስ መጠቃለል አትችሉም ብሎ ከለከለን። ጠበቃችን ሬጂና ብሪም ቀኑ ሳያልፍባት ይግባኝ አለች። ከዚያ ሰበሰበችንና፣ "የጋራው ክስ ሲታይ በሕግ የተወሰነው የእያንዳንዳችሁ የመክሰሻ ጊዜ መቁጠሩን አቁሞላችሁ ነበር። ዳኛው ከከለከለበት ቀን ጀምሮ ግን እንደገና እየሄደ ነው። ይግባኙ አያቆመውም። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ በየስማችሁ ክሰሱ፤ ካለፈ እኔም አልረዳችሁም" አለች። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል?

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሉሸስ ግን ብድግ ብለው፣ "ይግባኝ ላይ ያለ ነገር አልሞተም። አሁን በየፊናችን ከሮጥን በተንናቸው ብለው ይስቁብናል" አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እማዬም ሳትቀር። በስምሽ ክሰሺ እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ለመንኳት። "አንቺ ከጋሽ ሉሸስ ልትበልጪ ነው?" ትለኛለች። "ቀኑ ጋሽ ሉሸስን አያውቃቸውም" እላታለሁ። "አፍሽን ያዢ" ትለኛለች።

በመጨረሻው ቀን፣ ቢያንስ ከጠበቃዋ አፍ ስሚው ብዬ እየጎተትኩ ወሰድኳት። በሩን ስንከፍት ማንን ብናገኝ ጥሩ ነው? ጋሽ ሉሸስን። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የራሳቸውን ክስ ይፈርማሉ። እማዬ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣ "ይግባኙ ሞተ እንዴ?" አለቻቸው። "ለማንኛውም ብዬ ነው" አሉ፤ ቀና አላሉም። እማዬ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስዳ የራሷን ክስ ፈረመች።

እኔም ከፈረምኩ በኋላ አክስታችን ኦዴሳ ትዝ አለችኝ። ቤቷ ቆሻሻው ከሚረጭበት እርሻ ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ከሁላችንም የባሰባት እሷ ናት። ስልክ ብደውል አታነሣም። በመኪና በረርኩ። ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት።

"አክስቴ፣ ተነሺ፤ ዛሬ ካልፈረምሽ አበቃ" አልኳት።

"ጋሽ ሉሸስ ጠብቂ ብለውኛል።"

"እሳቸው ራሳቸው እኮ ጠበቃዋ ቢሮ ገብተው ፈረሙ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ደጄ ላይ ቆመሽ የሽማግሌ ስም አታጥፊ" ብላኝ ገባች። እሳቸው እንዲነግሯት ወደ ቢሮው ደወልኩ። ሹልክ ብለው ወጥተዋል አሉኝ። በሩን እየደበደብኩ ስጨቃጨቅ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ተዘጋ።

በሦስተኛው ሳምንት ይግባኙ ውድቅ ሆነ። የፈረምነው ክሳችን ይታያል፤ አክስታችንና እሷን የመሰሉ ግን ጊዜው አልፎባቸው ውጭ ቀሩ። እሑድ ጋሽ ሉሸስ፣ "እግዚአብሔር መንገድ አለው" ብለው ሲጀምሩ አክስታችን ከመቀመጫዋ ሳትነሣ፣ "የእርስዎን መንገድ አይተነዋል፤ ይቀመጡ" አለቻቸው። ማንም አልሳቀም።

ትናንት ልጠይቃት ሄድኩ። እኛ ስናሸንፍ ላንቺም ይሻልሻል ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ። "እናንተ ስታሸንፉ መርጫውን ከእናንተ ያርቁታል፤ ወዴት የሚያዞሩት ይመስልሻል?" አለችኝ። ስለዚህ ስትደውልላት ስለ ጤናዋ ብቻ ጠይቃት፤ ስለ ክሱ አታንሣባት።

ለኮራ ሰላም በልልኝ፤ ጉልበትህን እንድታሽልህ አደራ። ትልቁን ልጅህን ሳምልኝ፤ ትንሿን ደግሞ ሁለቴ። እማዬ ሹራብ ልበስ ብላሃለች፤ ባለቤቴ አሞስም ዓሣ ላክልን ይላል።

እህትህ ቨርኔል
ሄንሊ መንታ መንገድ፣ ሰሜን ካሮላይና
ጁን 9